ማካና የሚቆላው በቀስታ ነው

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። በአፌም ቢሆን ብዙ አልናገርም። እህቴ ከሰው ስታስተዋውቀኝ «ታናሼ ናት፤ አትናገርም እንጂ ትሰማለች» ትላለች። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ያየሁት ነገር ውስጤ አልያዝ ብሎኝ ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ስለ አንዲት የጎረቤት እናት፣ ስለ አንድ ብረት ድስት፣ ክብደት ስለሌለው አንድ ነጭ ምግብ ነው።

እህቴ ወዳለችበት ሰው አገር፣ ታርኔት የሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ስመጣ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ነበር። ከእኛ ቤት ወዲያ አስፋልቱ አልቆ ቤቶቹ ግን ጣሪያ ያልለበሱ የእንጨት አጥንቶች ነበሩ። ዛፍ ስለሌለ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። እህቴ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፣ ባሏ ትራክ ይነዳል። እኔ የመጣሁት ልጃቸውን እንድይዝላቸው ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዬን መዋል ጀመርኩ። ስትመለስም በአማርኛ የጠየቅኳትን በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቆሻሻ ቢኑን ከመንገድ ላስገባ ስወጣ ነጫጭ ትንንሽ ኳሶች በነፋስ እየተንከባለሉ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። እህቴ ከሥራ በምታመጣው ካርቶን ውስጥ ዕቃ እንዳይሰበር የሚጨመር ነጭ ነገር አለ፤ እሱ መሰለኝ። ሣሩ ላይ እየተከተልኩ ለቀምኩና ቢኑን ከፍቼ ልጥለው ስል ከጎረቤት ጋራዥ «ኧረ! ኧረ!» የሚል ድምፅ መጣ። ልክ እንደኛው «ኧረ» ነው። ዞር ስል ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ ቢጫ ሻሽ የጣሉ፣ ከእግራቸው የሚሰፋ የስፖርት ጫማ የተጫሙ ሴትዮ እየሮጡ ይመጣሉ። እጄን ይዘው መዳፌን ከፈቱት። አንዱን ኳስ አነሱ፣ እፍ አሉበት፣ ዋጥ አደረጉት።

ስፖንጅ የበሉ ነው የመሰለኝ።

እጄን ሳይለቁ ወደ ጋራዣቸው ወሰዱኝ። ወለሉ ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ሰፊ ብረት ድስት፣ ድስቱ ውስጥ ያ ነጭ ነገር ሞልቷል። ቤቱ ምግብ እንዳይሸት ብለው እዚያ ነበር የሚያበስሉት። ከድስቱ አንስተው ሰጡኝ። ምላሴ ላይ ሳስቀምጠው ምንም የለም፤ ክብደትም የለውም። ጥርሴ ሲነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረና መጀመሪያ ቅቤው፣ ቀጥሎ ከሙኑ፣ በመጨረሻ ቁንዶ በርበሬው መጣ። አፌ ውስጥ ቀለጠና ጠፋ። እንዲህ ያለ ምግብ በዓለም ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ከሕንድ የመጡት ልጃቸውን ሊያርሱ ነበር። ልጅቷ የእኛ ጎረቤት ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ እንደወረደባት ለእህቴ ነግራታለች። እናትዬዋ እንግሊዝኛ አያውቁም። እኔም የማውቀው ትንሽ ነው፤ እሱንም አፍራለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም በምልክት ነበር የምንግባባው። ስማቸውን ለመጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ «እማማ» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

በዚያው ሳምንት ልጃቸው በአጥሩ በኩል ለእህቴ ስለ ማካና ታብራራ ነበር፤ ያ ነጭ ምግብ ስሙ ማካና ነው። እህቴ እየሰማች ትተረጉምልኛለች።

«ኩሬ ውስጥ ነው የሚበቅለው ትላለች። ቅጠሉ እሾህ ነው። ዘሩ ሲበስል ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ሰው ጠልቆ ነው የሚለቅመው። ለቃሚው እንዳንቺ ሻወር የሚፈራ ቢሆን ይሄኔ ገበያ ላይ አይኖርም ነበር።»

እማማ ከቤት በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አምጥተው መዳፌ ላይ ፈቱት። ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ ዘር ነው። በእሳት ግሎ በእንጨት መዶሻ ሲመታ ነው ነጩ ከውስጡ ዘሎ የሚወጣው አለች ልጃቸው። ፈንዲሻ አውቃለሁ፤ ፈንዲሻ ግን ራሱ ነው የሚፈነዳው። ይሄኛው ግን እያንዳንዱ የሰው እጅ አልፎበታል። በአንድ እጄ ጥቁሩን፣ በሌላው ነጩን ይዤ ቆምኩ። አንዱ ከአንዱ ይወጣል ብሎ ማመን አቃተኝ። ከጭቃ ሥር የተለቀመ ነገር እንዴት እንዲህ ይነጣል? እስካሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ጋራዣቸው ክፍት ከሆነ እገባለሁ። እማማ ሲቆሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ማማሰያውን ሰጥተውኝ ግን አያውቁም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ሌላ ነገር ነገረችን። እናቷ ዘጠኝ ቀን ይጾማሉ። ስእለቱ ለሚወለደው ልጅ ነው። በነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ አንድ መብራት ይበራል፤ ጾሙ እስኪፈታ መጥፋት የለበትም፣ ቤቱም ባዶ መሆን የለበትም። እህል አይበሉም፤ ፍራፍሬ፣ ወተትና ማካና ግን ይፈቀዳል።

ቤት ስንገባ እህቴ ጫማዋን እያወለቀች «ጌታ ይባርካቸው፣ ደግ ሰዎች ናቸው» አለች። «አንቺ ግን ከዚያ መብራት ፊት የተነሳ ነገር ቢሰጡሽ እንዳትበዪ። ለጣዖት የቀረበ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

ጾሙ ከተጀመረ ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ጠዋት ሳህን ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከሥራ።

«ጎረቤታችን ሆስፒታል ገብታለች። ልጁ ያለጊዜው ሊመጣ ነው ብለው አስተኝተዋታል። ባሏም እዚያው ነው።»

«እማማስ?»

«መብራቱን ትቼ አልሄድም ብለው ቀርተዋል። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ስኳር አለባቸው፤ ክኒናቸውን ውጠው ካልበሉ ይወድቃሉ ብላ ቴክስት አድርጋልኛለች። ሂጂና አብያቸው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? እኔ ሺፍት ላይ ነኝ።»

«ምን ብዬ?»

«አንቺ ደግሞ! አብያቸው አልኩ እንጂ ስበኪያቸው መች ወጣኝ?»

በራቸው አልተቆለፈም። እማማ ሳሎኑ ጥግ ምንጣፍ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ መብራቱ ይበራል፤ ትንሽ የነሐስ ሳህን፣ ቅቤ፣ የጥጥ ክር። አጠገባቸው ያለው ወተት ቀዝቅዞ ስልባቦት ይዟል። ሙዙ አልተነካም። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው። ሙዙን ልጬ ሰጠኋቸው፤ እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወተቱን ላሙቅላቸው ብዬ በምልክት ጠየቅኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መብራቱን ብቻ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው ክሩን ሊያስተካክሉ ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና በሁለት እጃቸው መደርደሪያውን ያዙ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ብቻቸውን ሆነው ቢወድቁ ማን ያያቸዋል?

ማካና ትዝ አለኝ። እማማ ቀደም ብለው የሰጡን አንድ ከረጢት ያልተቆላ ማካና እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። እንዲጠብቁኝ በእጄ ነግሬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ በጾም አሳድጋኛለች። እህቴ ጴንጤ ከመሆኗ በፊት ቤታችን ጾም ሲገባ ቅቤ የነካ ዕቃ ሁሉ እየታጠበ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ እማማ እኔ ፊት ቅቤ ሲጨምሩ ያየሁት የፍስክ ቀን ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ለጾማቸው ተጠንቅቄ ዘይት አደረግኩ። ቀጥሎ ደግሞ ያለኝን ምርጥ ነገር ልስጣቸው ብዬ እናቴ የላከችልኝን በርበሬ አወጣሁ፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ አብሮ ተደልዞ የተፈጨ ነው። ክዳኑን ስከፍት ቤቱ በሽታው ተሞላ። እንደ ቆሎ መሰለኝና እሳቱን ለቀቅሁበት። ጫፍ ጫፉ ጠቆረ፣ ውስጡ ግን እንደ ጎማ ተሳበ። ቢሆንም ትኩሱን በሳህን ይዤ ተመለስኩ።

እማማ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አንድ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ስበው ሳህኑን ሸፈኑትና መዳፎቻቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉልኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ጆሮዬ ጋለ። ወደ በሩ ዞርኩ።

«ኧረ!» አሉ ከኋላዬ።

ዞር ስል እጃቸውን ዘርግተዋል። አንሺኝ ማለታቸው ነው። ክብደታቸውን እኔ ላይ ጥለው ወደ ኩሽና ሄድን። በኩሽናው በኩል ወደ ጋራዥ የሚያስወጣውን በር ከፍተው አሳዩኝ። መሬት ላይ በፌስታል የታሰረ ነገር አለ፤ ሽንኩርቱ ሁሉ፣ ነጩም ቀዩም። ጾሙ ሲገባ ከቤት አስወጥተውታል። ወደ ፌስታሉ ጠቆሙ፣ ወደ መብራቱ ጠቆሙ፣ ጣታቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

ገባኝ። ያን ሁሉ ተጠንቅቄ ያስገባሁት የተከለከለውን ነው።

ከዚያ ቁም ሳጥን ከፍተው ማሰሮ አወጡ። ቢጫ የተነጠረ ቅቤ ነው። በማንኪያ ዝቀው ብረት ድስቱ ውስጥ ሊጨምሩ ሲሉ አፌን በእጄ ያዝኩ።

«እማማ፣ ጾም አይደል እንዴ! ቅቤ?»

ቃሉን አልሰሙትም፣ ፊቴን ግን አነበቡ። አንድ ጊዜ እኔን አዩ፣ አንድ ጊዜ ማንኪያውን አዩ። የሸፈኑት ሳህን ወዳለበት ሳሎንም ዞር ብለው አዩ። ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ምድጃውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የእሳቸው ጾም የሚከለክለውን እኔ ይዤላቸው መጣሁ፤ የእኔ እናት ጾም የሚከለክለውን እሳቸው ያወጣሉ። ሁለቱም ግን ለእግዚአብሔር ተብሎ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ጾም በየአገሩ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር።

ወንበር አመጣሁላቸውና ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ማማሰያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጡኝ።

እሳቱን ከፍ አደረግኩ። እጃቸው መጥቶ ዝቅ አደረገው። ፈጥኖ እንዲደርስላቸው ብዬ ደግሜ ከፍ አደረግኩት። ደግመው ዝቅ አደረጉት። የቀረው ሰማያዊ ነበልባል ለዓይን የሚታይ አይመስልም ነበር። ማካናውን ከሥር እየገለበጥኩ ማማሰል ጀመርኩ። ምንም አይሆንም። አይጨስም፣ አይጠቁርም፣ አይንጣጣም። ክንዴ ደከመኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የተራበ ሰው እሳቱን ጨምሪ ይላል። እሳቸው ቀንሺ አሉኝ። ልጃቸው ሆስፒታል ተኝታ፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ምግባቸው አፍንጫቸው ሥር ሆኖ አልቸኮሉም። እኔ ሰው እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

አንድ ፍሬ አንስተው በጣቶቼ መካከል አደረጉልኝና ጫን አድርጊው አሉኝ። ተጨፈለቀ እንጂ አልተሰበረም። ገና ነው። ማማሰል ቀጠልኩ። ደግሞ ሞከርን፤ ገና ነው። ድምፁ የተለወጠው መቼ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ጥጥ የማማስል ያህል ዝም ያለ ነበር፤ በኋላ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚሄድ ሰው ኮሽ ኮሽ ማለት ጀመረ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። እጃቸውን አነሱ። አንዱን ጫን ሳደርገው ጣቴ ላይ ቀጭ ብሎ ዱቄት ሆነ።

እሳቱን አጠፉ። ቅመሙ የሚገባው ከጠፋ በኋላ ነው፤ አለዚያ ያርራል። ቁንዶ በርበሬውን ወቀጥኩ። ጨዋቸውን ሳየው ደግሞ ሌላ መገረም ያዘኝ፤ ሮዝ ድንጋይ ነው። እንደኛ አገር አሞሌ ጨው ተሰብሮ የሚፈጭ። ተራው ጨው ለጾማቸው አይሆንም። ድንጋዩን በእጄ ይዤ እዚህ ሁለት አገር ተገናኘ አልኩ በሆዴ።

መጀመሪያ ሌላ ትንሽ የነሐስ ሳህን ላይ አደረጉና መብራቱ ፊት አስቀመጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። እኔ የኩሽናው በር ላይ ቆሜ የእህቴን ቃል አሰብኩ። ከሳህኑ ቢሰጡኝ ምን አደርጋለሁ? እምቢ ብል ሁለተኛ ማስቀየሜ ነው። ብበላ ደግሞ ቃሌን ማጠፌ ነው። ሳህኑን ሳይ ዓይኔን ያዩት ይመስለኛል፤ ወይም ልጃቸው ነግራቸው ይሆናል፤ አላውቅም። ሳህኑን እዚያው ትተው ወደ ምድጃው ተመለሱ፣ ከብረት ድስቱ ዘግነው መዳፌን ሞሉልኝ። እኔ እስካኝክ ድረስ ቆመው ጠበቁ።

ከዚያ ተቀምጠው በሉ። አንድ በአንድ ነበር የሚበሉት፤ እያንዳንዱ ሲሰበር እንደሚያዳምጥ ሰው። ድስቱ ጎደለ። ወተታቸውን አሞቅኩላቸው፣ ጠጡ። ቀስ እያለ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ተወ፣ ፊታቸውም ወዛ። የመብራቱ ነበልባል ሲያንስ ሳይደገፉ ተነሱና ከዚያው ከቅቤው ማሰሮ በማንኪያ ዝቀው ጨመሩበት። መብራቱ የሚበላውና እሳቸው የበሉት ከአንድ ዕቃ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ወደ ከሰዓት ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ናት፣ በቪዲዮ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ። እናትና ልጅ በቋንቋቸው ተነጋገሩ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ እማማ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «በእውነት በላች?» አለችኝ።

«ዬስ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ወፍራም ሆነብኝ። ከቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም። ምጡ እንደቆመላት፣ ልጁም ሆዷ ውስጥ ደህና እንደሆነ ነገረችኝ። ሁሉም ቃል አልገባኝም፤ ደህና የሚለው ግን ገባኝ።

እህቴ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «በሉ?» አለች።

«በሉ። ማካና በቅቤ።»

«በቅቤ? በጾም?»

«የእሳቸው ጾም እንደዚያ ነው።»

እማማ ጠቅልለው የሰጡኝን ጠረጴዛው ላይ አየችው። «ከመብራቱ ፊት ነው?»

«ከድስቱ ነው።»

አንድ ወረወረች ወደ አፏ። ቆም አለች። ደግማ ዘገነች። «ጌታ ሆይ! ይሄ አየር ነው እንዴ? ማነው የቆላው?»

«እኔ።»

«ሂጂ እዚያ!» አለች፤ እየሳቀች ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ጾሙ እስኪፈታ በየቀኑ ጠዋት ሄድኩ። እማማ ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ማማሰያው ላይ። መብራቱ አልጠፋም። ልጃቸው ሆስፒታል ሰነበተችና ተመለሰች፤ ጊዜዋን ጠብቃም ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ትንሽ ናት፣ ስታለቅስ ግን ነፋሱን ታስንቃለች።

በጋው ሲያልቅ የእማማ ቪዛ አለቀ። የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ብድግ ብዬ ማካና ቆላሁ፤ በእኛው ኩሽና፣ ብቻዬን፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ። ድምፁ እስኪለወጥ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሲበርድ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ወደ መኪናቸው ይዤ ሄድኩ። እማማ ያንኑ ቢጫ ሻሽ ጥለው ከኋላ ተቀምጠዋል። ክዳኑን ከፍተው አንድ አወጡ፣ በጣታቸው ጫን አደረጉት። ቀጭ አለ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙትና ቆርቆሮውን ቦርሳቸው ውስጥ ሳይሆን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት። ለልጃቸው አንድ ነገር አሉ።

ልጃቸው ሕፃኗን እንደታቀፈች ራሷን እየነቀነቀች ወደ እኔ ዞረች። እንግሊዝኛዋን ለእኔ ብላ ቀስ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ ሁሉንም ሰማሁት።

«ሥጋ የሌለው ምግብ ቡክ አድርጌላት ነበር። የአውሮፕላኑን አልነካም ትላለች። እሷ የቆላችልኝ እስከ ቤቴ ይበቃኛል አለች።»